ከተሰባበረ ገል ምን ይታወቃል?

ሙሉ ዕቃ ካልተገኘ ከጥንታዊ ገል ምን ዕውቀት እንደሚገኝ ለጠየቁት፣ ገሉ ብዙውን ጊዜ ከሙሉው ዕቃ ያላነሰ ይናገራል እላለሁ። ሸክላ በቀላሉ ቢሰበርም፣ አንድ ጊዜ በእሳት ከተተኮሰ እንደ እንጨትና እንደ ቆዳ አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም ቀልጦ ዳግም ስለማይሠራ በተጣለበት ይቀራል። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የላይኛው (ደቡባዊ) ግብፅን ጥንታዊ መቃብሮች በጊዜ ቅደም ተከተል ያሰለፈው የሸክላዎቹን የቅርጽ ለውጥ በመከተል ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ለዓይን የማይታየው ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት በውስጡ የተቀቀለው ምግብ ስብ ወደ ግድግዳው ሰርጎ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ተመራማሪዎችም ከሰሜን ምዕራብ አናቶሊያ (የዛሬዋ ቱርክ) ገሎች ባወጡት የስብ ቅሪት ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ሺህ ዓመት ወተት ይጠቀሙ እንደነበር አረጋግጠዋል። በቻይና ሺያንረንዶንግ ዋሻ የተገኙትና 20,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት ገሎች ደግሞ ሸክላ ከግብርና ጋር ተወለደ የሚለውን የቀድሞ እምነት አፍርሰዋል፤ ሠሪዎቹ አዳኞችና ለቃሚዎች ነበሩና።

ሆኖም አንድ ዓይነት ጌጥ በሁለት ስፍራ መገኘቱ ብቻውን ሕዝብ መፍለሱን አያሳይም፤ ዕቃው በንግድ ተጉዞ፣ ወይም ጥበቡ በጋብቻ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ገሉን በስሱ ቆርጦ በጭቃው ውስጥ ያሉትን ማዕድናት በማይክሮስኮፕ መመርመርና ከአካባቢው አፈር ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ገሉ ከየትኛው የአፈር ንብርብርና ከምን ጋር እንደተገኘ ካልተመዘገበ ግን አብዛኛው ምስክርነቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ቢያገኙ እባክዎ አያንሡት።