ለልጅ ምሳ ዕቃ የሙዝ መያዣ ፕላስቲክ ይገዛ ወይ?

ሰላም እህቴ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ይዞት የሄደው ሙዝ ጠቁሮና ላሽቆ እየተመለሰ ስላስቸገረሽ፣ ያንን በሙዝ ቅርጽ የተሠራውን የፕላስቲክ መያዣ ልግዛው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ለሌሎቹ ፍራፍሬዎችስ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል ወይ ብለሻል። ግማሹ ሰው «ግዢው»፣ ግማሹ «ብርሽን አታባክኚ» ብሎሽ አለፈ። እኔ ሳሪስ አካባቢ ፍራፍሬ እቸረችራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ይኸንኑ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መያዣው ይጠቅማል፤ ግን ያሰብሽውን ያህል አይደለም። ሙዙ ላይ የምታዪው ጉዳት አብዛኛው አንቺ ቤት ከመግባቱ በፊት የደረሰበት ነው።

አዲስ አበባ የምንበላው ሙዝ በብዛት የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ጥሬውን፣ አረንጓዴ እንዳለ ተቆርጦ አይሱዙ ላይ ይጫናል። እዚያ ካርቶን የለም፤ ማሸጊያው የራሱ የሙዝ ቅጠል ነው፣ ከሥር ይነጠፍለታል፣ ከጎንና ከላይ ይለብሳል። ቅጠሉ ከፀሐይና ከመፋተግ በደንብ ያድነዋል። ክብደት ግን አይችልለትም፤ ከታች የተጫነው ዘለላ የላይኞቹን ሁሉ ተሸክሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያው ሲደርስ ደግሞ አውራጆቹ እንዴት እንደሚወረውሩት ያየ ያውቀዋል።

ችግሩ አረንጓዴ ሙዝ ሲመታ ብዙም አያሳይም። ጠባሳው ጎልቶ የሚወጣው ሲበስል ነው። የተመታው ቦታ ውስጡ ይፈርሳል፤ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ተደባልቀው አየር ሲያገኙ ይጠቁራሉ፤ የተላጠ ድንች የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጠዋት ቢጫ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ የገባው ሙዝ ከሰዓት ጠቁሮ ቢወጣ ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ደብተር ላይ አታላክኪ።

የሙዝ ልጣጭ ሁለት ሥራ በደንብ ይሠራል። ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይይዛል፤ ሻጋታና ቆሻሻም ያግዳል። ውጭውን ብታጥቢው እንኳ ውስጡን ውሃ አይነካውም፣ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ግፊትን ግን አይችልም። ተፈጥሮ ያሸገችው ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲውል እንጂ ከሂሳብ መጽሐፍ ሥር እንዲተኛ አይደለም። እንግዲህ የምትገዢው ዕቃ ልጣጩ የማይችለውን ይህንን አንዱን ሥራ ማለትም ግፊትን መቻል አለበት። ጣትሽን ስትጫኚው የሚሰረጉድ ስስ ፕላስቲክ ከሆነ አትግዢው።

ሁለተኛው ነገር ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ መያዣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ለጌጥ እንዳይመስልሽ። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፣ ኤትሊን የሚባል ጋዝም ያወጣል፣ የሚያበስለውም እሱ ነው። ነጋዴዎች ሙዝ ሲያበስሉ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? ክፍሉን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ውስጡ ላምባ ያነዳሉ። ጭሱ ውስጥ ያው ዓይነት ጋዝ አለ፣ ሙቀቱም ያግዛል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ አረንጓዴው ቢጫ ይሆናል። አየር የማያስወጣ መያዣ ውስጥ የበሰለ ሙዝ ከትተሽ ፀሐይ የሚመታው ቦርሳ ውስጥ ስትጨምሪው የማብሰያ ክፍሉን በትንሹ ደገምሽው ማለት ነው። እርጥበቱም ይጠራቀማል።

ደግሞ መጠኑን አስቢ። ዕቃው የሚሠራው በአንድ ልክ ነው፣ የእኛ ሙዝ ደግሞ አንዱ አጭርና ድቡልቡል፣ አንዱ ረዥም፣ አንዱ በጣም የጎበጠ ነው። ሳይገጥም ክዳኑን ተጭኖ መዝጋት ራሱ መጨፍለቅ ነው፤ በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲሮጥ ውስጡ ይንገጫገጫል። ብር ማውጣት ካልፈለግሽ ቤት ካለሽ ክዳን ያለው ጠንካራ ዕቃ ከሙዙ ረዘም ያለውን ፈልጊና ክዳኑን በጋለ ምስማር ሦስት አራት ቦታ ብሺው፤ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት። ለእኔ ከተገዛው አያንስም።

ስትገዢም አንገቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ የቀረበትን ምረጪ። ከዘለላው ስትለዪው አትገንጥዪው፣ በቢላ ቁረጪው፤ አንገቱ ከተሰነጠቀ ልጣጩ ተከፈተ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም መያዣ አያድነውም። አንገቱን በስስ ፕላስቲክ መጠቅለል የሚመክሩ አሉ፣ እኔ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁበትም። ፍሪጅ ጥሬውን አታስገቢ። መርከብ ላይ እንኳ አረንጓዴ ሙዝ የሚጓጓዘው በ13 እና 14 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ብርዱ ይጎዳዋል፣ ኋላም በወጉ አይበስልም። የበሰለው ግን ፍሪጅ ገብቶ ልጣጩ ቢጠቁር ውስጡ ደህና ነው፣ ችግሩ ልጆች ጥቁር ሙዝ አይበሉም።

ወደ ሌሎቹ ልምጣ። ብርቱካን ምንም መያዣ አያስፈልገውም። ከውጭ ዘይታማው ቆዳ፣ ከሥሩ ያ ነጩ ወፍራም ክፍል አለ፤ ብዙ ሰው እየላጠ የሚጥለው ነጩ ነገር ምቱን የሚውጠው ፍራሽ ነው። ዋጋው ካልከበደሽ ለልጅ ቦርሳ የሚስተካከለው የለም። ጥፍር የነካው ብርቱካን ብቻ ካየሽ ለብቻው አውጪው፤ አረንጓዴው ሻጋታ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው፣ ከዚያ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። መንደሪንም ጥሩ ነው፣ ልጣጩ ግን ስስ ነው።

አቮካዶን ደግሞ ሁሉም ሰው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ያየዋል፤ ደንበኞቼን ስለምወዳቸው ዝም እላለሁ እንጂ የእያንዳንዱ አውራ ጣት ምልክት ኋላ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መዳፍሽ ላይ አድርገሽ በሙሉ እጅሽ ቀስ ብለሽ እቀፊው፣ ይበቃል። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራውን ገዝተሽ ቤትሽ ማብሰል ይሻላል። ግማሹን የሚያስቀምጡበት የፍሬው ጎድጓዳ ያለው ዕቃ አለ አይደል፣ እሱ የሚሠራው አየር ስለሚከለክል ብቻ ነው። ሎሚ ቀብተሽ ስስ ፕላስቲክ ሥጋው ላይ ለጥፈሽ ብትሸፍኚው ውጤቱ ያው ነው፤ ለብቻው ዕቃ አልገዛለትም።

ፖም ስትገዢ ከውጭ የመጣው ነጭ ስፖንጅ መረብ ለብሶ ይመጣ የለ? ያንን አትጣዪው። አጥበሽ አድርቀሽ ማንጎው ላይ አልብሺው፣ ሙዝም ላይ ይሳባል፤ ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን በነፃ የሚመጣውን ነው። ፖሙን ራሱን ግን ከሙዝ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አትዝጊ፤ እሱም ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ሙዙን ያፋጥነዋል። ሌላ ጊዜ ተጠይቄ ስለማውቅ፦ የውጭው ፖም ላይ ያለው አንጸባራቂ ነገር ሲታጠብ የተፈጥሮ ሰሙ ስለሚለቅ የሚቀባ የሚበላ ሰም ነው። የጨንቻ ፖም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያበራም፣ በጨርቅ ብትወለውዪው በራሱ ሰም ወዝ ያወጣል።

ወይን ላይ የምታዪው ነጭ አቧራ የመሰለውም መድኃኒት ብቻ አይምሰልሽ፤ ብዙውን ጊዜ የራሱ ሰም ነው፣ ልጁ ሊበላው ሲል እጠቢው እንጂ ቀድመሽ አጥበሽ አታስቀምጪ። እንጆሪም እንዲሁ፤ እሱ ጨርሶ ልጣጭ ስለሌለው ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ዕቃ በአንድ ረድፍ ብቻ ይደርደር። ጊሽጣ ለቦርሳ አይሆንም፣ ቤት ይበላ። በክረምት መንገድ ዳር የሚሸጠው በለስ ከሁሉም የተሻለ ጥበቃ አለው፣ እሾህ፤ እሱን ግን ሻጩ ልጦ ካልሰጠሽ ለልጅ አትላኪ።

መያዣውን ከገዛሽ በየቀኑ እጠቢው፣ በተለይ ማጠፊያውን። ጥሬነት ያለው ሙዝ ከተቆረጠበት አንገት የሚወጣው ፈሳሽ ዩኒፎርም ላይ ካረፈ አይለቅም፤ ስለዚህ ማታውኑ ቁረጪው፣ ደርቆ ያድራል።