ቫን ውስጥ ኤሌክትሪክ እየጠፋ ራሱ ከተመለሰ ዕቃ መቀየር አቁምና የኔጌቲቩን መስመር (ማሳውን) ፈትሽ

ሰላም ወንድሜ። የጻፍከውን ሳነብ የራሴን መከራ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ለመኖሪያ የተሠራው ቫኑ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲገባ የውስጥ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የውሃ ፓምፑ ይቆማል፣ ፍሪጁ ይጠፋል። ከዚያ ማንም ሳይነካው ሁሉም ይመለሳል። ባትሪ ተቀይሯል፣ ሁለት ፊውዝ ተቀይሯል። ኤሌክትሪሺያን ጋ ሲሄድ ደግሞ ቫኑ ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል። ጥያቄው «አሁን ፓምፑን ልቀይር?» ነው።

አትቀይር። ቆይ፣ መጀመሪያ የጻፍከውን ራስህ መልሰህ እየው። ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ነው የሚጠፋው። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደቂቃ አይበላሽም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊውዝ ስላላቸው ጥፋቱ እነሱ ጋ አይደለም፣ ሦስቱም የሚጋሩት ነገር ላይ ነው። የሚጋሩት ደግሞ ጥቂት ነው፦ ከባትሪው የሚወጣው ዋናው ፖዘቲቭ ገመድ፣ ዋናው ፊውዝ፣ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ እና ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር። አንድ ነገር ጨምርበት። የተቃጠለ ፊውዝ ተቃጠለ ነው፣ ተመልሶ አይነሳም። ጠፍቶ ራሱ የሚመለስ ነገር ካለ የላላ ማያያዣ፣ የደከመ ሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም ሲሞቅ ቆርጦ ሲበርድ የሚመለስ ብሬከር ነው።

የኔን ልንገርህ። እኔም እንዳንተ ባትሪ ቀየርኩ። ፓምፕም ቀየርኩ፣ አሮጌው ፓምፕ እስከዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ምንም አልሆነም። በቴስተር፣ በቮልት መለኪያው፣ በየቦታው ለካሁ፣ በየቦታው 12.6 ቮልት አነበብኩ፣ «ቮልቱማ አለ» ብዬ ተውኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። የለካሁት ሁሉም ነገር ጠፍቶ ነው። ቴስተር ከሽቦው የሚስበው ከረንት (የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ከሠላሳ ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብቻ የቀረችለት ሽቦ እንኳ 12.6 ብሎ ያሳይሃል። ሥራ ስትሰጠው ነው የሚወድቀው።

አንድ ማታ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ቴስተሩን ፍሪጁ ጀርባ ላይ ይዤ ጠበቅሁ። 12.6 የነበረው ቁጥር ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ሊነሳ ሲሞክር 10 አካባቢ ወረደ፣ ጭጭ አለ፣ ተመልሶ 12.6። ኮምፕረሰር ያላቸው ፍሪጆች ቮልት ሲወርድባቸው ባትሪውን ለመጠበቅ ራሳቸውን ነው የሚያጠፉት። ፍሪጁ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ባትሪው ላይ ስለካ 12.5 ነው። ታዲያ መሀል ላይ ያ ሁሉ ቮልት የት ገባ?

አሁን ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ቀስ ብለህ አንብበው። ትንሽ ከረንት የሚስብ ሳይሆን ደህና የሚስብ ነገር አብራ፣ ፓምፑም ፍሪጁም ይሁን። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አስቀምጥ፣ ገመዱን በሚይዘው ማሰሪያ (ክላምፑ) ላይ ሳይሆን ከባትሪው በወጣው ጉብታ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ዕቃው ጋ በሚደርሰው የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርግ። ማሳው ጤነኛ ከሆነ 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ብታነብ ነው። 0.5 እና ከዚያ በላይ ካየህ ሌባው እዚያ መንገድ ላይ አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ጫፍ እያንቀሳቀስክ ወደ ባትሪው ተመለስ፦ ብሎኑ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት፣ ገመዱ፣ ክላምፑ። ቁጥሩ ድንገት የሚወድቅባት ቦታ አለች። በሽታው እዚያችው ላይ ነው። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ጀምረህ።

እኔ ያገኘሁት ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያለ ብሎን ላይ ነው። ሲያዩት ያብለጨልጫል። ቁልፍ እንኳ ሳላደርግበት በጣቴ ስነካው ቀለበቷ፣ ካፖኮርዳዋ ማለቴ ነው፣ ዞረች። ስፈታው ከሥሯ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነበር፣ ከዱቄቱ ሥር ደግሞ የመኪናው ቀለም! የገጠመው ሰው ቀለሙን ሳይፍቅ ነው ያሰረው። ከረንቱ ሁሉ ሲያልፍ የነበረው ብሎኑ ጥርስ ላይ በተገኘች ትንሽ ብረት በኩል ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እሷም ትላቀቃለች።

ትንሽ ነገር ነው እንዳትል። 20 አምፔር 0.05 ኦም ባላት መጥፎ ማያያዣ ውስጥ ሲያልፍ 1 ቮልት ይጠፋል፣ እዚያችው ነጥብ ላይ ደግሞ 20 ዋት ሙቀት ይወጣል። ያ ትንሽ የመበየጃ ብረት የሚያሞቅ ነው። ስለዚህ ዕቃው ለሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ የፊውዝ ቤቶቹን የእጅህን ጀርባ ቀረብ አድርገህ ሙቀታቸውን ፈትሽ። ፕላስቲኩ ቡናማ የሆነ ወይም የቀለጠ ካለ ፊውዙ ደህና ቢሆንም ቤቱን ቀይረው።

ከመነካካትህ በፊት ግን ከውጭ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀል፣ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረውን) አጥፋ። እሱ 220 ቮልት ነው፣ አይቀለድበትም። ብሎን የምትፈታ ከሆነ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ከባትሪው አላቅቅ፣ ቀለበትና ሰዓትህንም አውልቅ። ስታስረው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቅ፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ አድርግ፣ ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ከዚያ ከላይ ግሪስ ቀባ። ከላይ ነው ያልኩት፣ ቀለበቷና ብረቱ መሀል አይደለም።

ከላይ አንድ ወንድማችን ፊውዙን በትልቅ ቀይረው ብሏል። አይሆንም! ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ፓምፑን አይደለም። ትልቅ ካደረግህበት ፊውዝ የሚሆነው ሽቦው ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያልፈው ከእንጨትና ከስፖንጅ ሥር ነው።

ማሳው ደህና ሆኖ ከተገኘ ወደ ማወዛወዝ ግባ። ሁለት ሰው ይፈልጋል። የፍሬቻ አምፖል ውሰድ፣ 21 ዋቷን፣ ሁለት ሽቦ አስርባትና ዕቃው ጋ በሚደርሰው መስመር ላይ ግጠማት። 2 አምፔር ገደማ ስለምትስብ እንደ ቴስተር አትዋሽም። አንዱ አምፖሏን ያያል፣ ሌላው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል። ሽቦው ቆርቆሮ አቋርጦ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የበር ማጠፊያ እና ሽቦ ሳይላጥ የሚነክሱት ሰማያዊ ማያያዣዎች ላይ ብዙ ቆይ። እነዚያን ማያያዣዎች በግሌ ባየሁበት ነው የምነቅላቸው። የበር ሽቦ ላይ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል። ቀስ ብለህ ሳበው፣ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ መዳቡ ተበጥሷል።

የቀየርከው ባትሪ ሊቲየም ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ብዙ ከረንት ሲሳብበት ወይም ሲሞቅበት ሁሉንም ቆርጦ በኋላ ራሱ ሊመልስ ይችላል። እሱ ሲቆርጥ ግን ድርግም ነው የሚለው። ያንተ መጀመሪያ ደብዝዞ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ እኔ አሁንም የላላ ነገር ነው የምለው። ሞተሩ ሲነሳ ካልደከመና የፊት መብራቱ ካልደበዘዘ ደግሞ የሞተሩን በኩል ተወው፣ የመኖሪያው በኩል ላይ ብቻ አተኩር።

ነገ ፍሪጁ ሲነሳ ሁለት ቁጥር ያዝልኝ፦ አንዱ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ፍሪጁ ኔጌቲቭ፣ ሌላው ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፍሪጁ ፖዘቲቭ። እዚሁ ጻፋቸው፣ የትኛውን ብሎን እንደምትፈታ ያኔ እንነጋገራለን። ፓምፑን ግን እንዳትገዛ።