የስብዕና መጠይቅ ለአንባቢ እንዲቀል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለመመረቂያ ጥናቴ 44 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት የስብዕና መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ተርጉሜያለሁ። መላሾች አንዱን ደጋግመው እያነበቡ ይሰለቻሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አፍራሽ ግሦቹን ለቅመሽ አውጪ። «ሥራዬን ሳልጨርስ አልተውም» ሁለት አፍራሽ አለው፤ መላሹ «አልስማማም» ሲል ሦስተኛ ይደረብበታል። ያኔ ጠንቃቃውም ዝርክርኩም አንድ ቁጥር ላይ ያከብባሉ። «የጀመርኩትን እጨርሳለሁ» ይበቃል። ቀጥለሽ «ተጫዋችና ደፋር ነኝ» ዓይነቱን ፈልጊ፤ ተጫዋች ሆኖ ፈሪ የሆነ ሰው ምን ይመልስ? የምትለኪውን አንዱን ብቻ አስቀሪ።

ጥያቄ፦ በግልባጭ የሚታረሙትስ፣ ማለትም መስማማት ዝቅተኛ ነጥብ የሚያሰጥባቸው፣ ይውጡ?

መልስ፦ በፍጹም! ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» የሚለው ሰው የሚነቃበት በእነሱ ነው። ግልባጩን ያለ አፍራሽ ጻፊው፦ «ሥራ ጀምሬ መሀል ላይ እተዋለሁ»። መልሱ ከ1 እስከ 5 ባለ አምስት ነጥብ ከሆነ ሲታረም መልሱ ከ6 ይቀነሳል፤ 4 የነበረው 2 ይሆናል። ይህ ሲረሳ የክሮንባክ አልፋ (ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር) ያሽቆለቁላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በተርጓሚው ይላከካል።

ጥያቄ፦ የጽሑፍን የንባብ ክብደት በዓረፍተ ነገርና በቃል ርዝመት የሚለካው የፍሌሽ-ኪንኬድ ቀመር ለአማርኛ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ የተቀመረው ለእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የቃል ርዝመት ሌላ ትርጉም አለው፦ «አልነገርኳቸውም» ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አፍራሹን በአንድ ቃል ይዟል።

ጥያቄ፦ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ላዘጋጅ?

መልስ፦ በአንደኛ መደብ ከተጻፈ አያስፈልግም። «ትጨነቃለህ» ጾታ ይለያል፣ «እጨነቃለሁ» ለሁሉም ይሆናል። አንተ ወይስ አንቱ የሚለው ጣጣም አብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መቅለሉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጥናቱ ከሚመለከታቸው ከአምስት እስከ አሥር ሰዎች ለየብቻ አስቀምጪ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ያንብቡና በራሳቸው አነጋገር ይንገሩሽ። «ገባዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ በይሉኝታ ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል። የተደናቀፉበትን ቃል እዚያው ጻፊ። ከተስተካከለ በኋላ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ትርጉሙ የሸሸው ያኔ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም እንደ አዲስ ብጽፈውስ?

መልስ፦ ያኔ ሌላ መለኪያ ሆነ፤ ከቀድሞ ጥናቶች ጋር ማነጻጸር አይቻልም። በ2005 እ.ኤ.አ. ለንባብ ቀለል ብሎ የተዘጋጀው ኒዮ-ፒአይ-3 የተባለው የስብዕና መጠይቅ እንኳ ከ240 ዓረፍተ ነገሮች የቀየረው 37ቱን ነው። እሱን ለመንካት ደግሞ የአሳታሚው ፈቃድ ያስፈልጋል። አይፒአይፒ የተባለው ዓለም አቀፍ የስብዕና ጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ግን ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ለተማሪ እነሱ ይሻላሉ።