ይግባኙ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ወረቀት ነው

ልጆቼ፣

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሳስተረጉም ፀጉሬ ሸበተ። የሰው ምስጢር ከአፌ አይወጣም፤ የምጽፍላችሁ ሲደጋገም ስላየሁት ነገር ነው። በተለይ ፖለቲካ አሳዷችሁ ከአገር ለወጣችሁ ወጣት መምህራን።

ብዙዎቻችሁ «ዳኛው ጥገኝነት ቢከለክለኝ ይግባኝ እላለሁ» እያላችሁ ትጽናናላችሁ። ይግባኙን የሚመለከተው ቦርድ ያለው ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ነው። የሚያየው መዝገቡን እንጂ እናንተን አይደለም። ችሎት ላይ ያልተነገረ ነገር እዚያ ሄዶ አይበቅልም። ዳኛው «አላመንኩትም» ካለ ደግሞ ቦርዱ ያንን የሚሽረው ግልጽ ስህተት ካገኘበት ብቻ ነው። ስለዚህ ይግባኙ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና የጥገኝነት ፎርሙ ሲሞላ ነው።

ቀንን እንውሰድ። አንድ መምህር ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከቤቱ ተወሰደ እንበል። ፎርም የሞላለት ሰው 8 ዓመት ደምሮ ዲሴምበር 2016 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ግን ዲሴምበር 30፣ 2015 ነው፤ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ የሚደመረው 7 ነዋ። ሰዓቱንም ሳይቀይር 8 ብሎ ያሰፍረዋል። የሚስቱ ደብዳቤ ደግሞ በትክክል ተተርጉሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ይላል። የመንግሥት ጠበቃ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በዲሴምበር 2016 ሰውዬው አሜሪካ ገብቷል፤ ታዲያ ማን ነው አገር ቤት የታሰረው? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ፣ መጣረሱ ከዋናው ጉዳይ ጋር ባይገናኝም እንኳ ዳኛው ላለማመን ምክንያት እንዲያደርገው ይፈቅዳል። ጭካኔ ነው፤ ግን ሕግ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመምህሮች ነው። ስለ ራሱ እስር ሲጠየቅ ስለ አገሪቱ ፖለቲካ ሌክቸር የሚሰጥ ስንቱን አየሁ! ዳኛው የሚፈልገው ማን እንደመታህ፣ በምን እንደመታህ፣ ምን እያለ እንደመታህ ነው። ያ ያለቀ ሲመስል ደግሞ «እኔ መምህር ነኝ፣ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» ይላል፤ በኩራት። በፖለቲካ ተሳደድኩ ያለበትን ጉዳይ በገዛ አፉ ያዳክማል። የፓርቲ አባል ሁን ሲባል እምቢ ማለት፣ የተቃወሙ ተማሪዎችን ስም ስጥ ሲባል አለመስጠት ፖለቲካ ነው። አሳዳጆቹ ተቃዋሚ ነው ብለው መጠርጠራቸው ብቻውን ይቆጠራል፤ እንዲያ ብለው እንደጠረጠሩህ ግን ማሳየት አለብህ።

የመምህር መሳደድ እኮ ትናንት የመጣ አይደለም። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ተባረዋል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አመራር አሰፋ ማሩ በ1989 በፖሊስ ጥይት ተገድሏል፤ ሊቀመንበሩ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት ታስረዋል። ይህን ጥሩ ጠበቃ ያቀርበዋል። የእናንተ ድርሻ የራሳችሁ ወረቀት ነው፦ የማኅበር መታወቂያ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ደሞዝ የታገደበት ማስረጃ፣ ዓይኑ ያየ ሰው ቃል። አገር ቤት ያለ ወገን ወረቀት ሲልክላችሁ ግን ለእሱ ደኅንነት አስቡለት።

«ይሄ ታሪክ ያስኬዳል» ብሎ የሚያበድራችሁ አይጠፋም። የተበደራችሁት ሲነቃበት የእውነቱም አብሮ ይሞታል።

የጥገኝነት ማመልከቻው አሜሪካ በገባችሁ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ለቦርዱ የሚቀርበው ይግባኝ ለረጅም ጊዜ የምናውቀው 30 ቀን ነበር፤ ደንቡ ስለሚቀያየር ዳኛው በወሰነ ዕለት የዛሬውን ጠበቃ ጠይቁ። ከቦርዱ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለመሄድ 30 ቀን አላችሁ፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን እንጂ እናንተ ደብዳቤውን ከከፈታችሁበት አይደለም። ቤት ስትቀይሩ አዲሱን አድራሻ በ5 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ለፍርድ ቤቱም፣ መዝገቡ ቦርድ ጋ ከሆነ ለቦርዱም፤ አንዱ ለሌላው ይነግርልኛል ብላችሁ እንዳትተዉት።