የኢኮኖሚ ፖሊሲ ፌሎውሺፕ፦ ፕሮፖዛሉን በምን ላይ ልጻፍ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በኢኮኖሚክስ ማስተርስሽን ጨርሰሽ ለጀማሪ የኢኮኖሚ ፖሊሲ አሳቢዎች የሚሰጥ ፌሎውሺፕ (ለተወሰነ ጊዜ እየተከፈለሽ የምትሠሪበት ዕድል) ልታመለክቺ ነው። ፒኤችዲ ስለሌለኝ ይጥሉኝ ይሆን፣ ፕሮፖዛሉን በምን ላይ ልጻፍ፣ ለመሆኑ ነገሩ ይጠቅማል ወይ ብለሻል። እኔ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ፌሎው ነበርኩ፤ ኋላም ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ሆኛለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

ፒኤችዲ አያስጨንቅሽ፤ እንደ ፕሮግራሙ ነው። ለምሳሌ ለንደን ያለው የልማት ጥናት ተቋም ኦዲአይ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸውን ወጣት ኢኮኖሚስቶች ለሁለት ዓመት በታዳጊ አገሮች መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ሲመድብ ኖሯል። በ1988 የተቋቋመውና ናይሮቢ የሚገኘው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም ደግሞ ለተመራማሪዎች ገንዘብ ይሰጥና ሥራቸውን ገና ከፕሮፖዛሉ ጀምሮ በባለሙያዎች ፊት ያስተቻል። አንዱ ሚኒስቴር ውስጥ ወንበር ይሰጥሻል፣ ሌላው ምርምርሽን ያጠነክርልሻል። የምታመለክቺበት የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጀመሪያ ለዪ።

ዋናው ፕሮፖዛሉ ነው። ከሚመጡት ማመልከቻዎች ብዙዎቹ «የዋጋ ንረት መንስኤዎችና መፍትሔዎች» ዓይነት ርዕስ ይዘው ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ እንጂ የፖሊሲ ጥያቄ አይደለም። የፖሊሲ ጥያቄ የሚሆነው ውሳኔውን የሚወስን ሰው ሲኖረው፣ ያ ሰው የሚመርጣቸው አማራጮች ሲታወቁና የመወሰኛው ጊዜ ሲቀርብ ነው።

የነዳጅ ድጎማን ውሰጂ። ድጎማው ይበልጥ ሀብታሙን እንደሚጠቅም የታወቀ ነው፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በታዳጊ አገሮች ከላይ ያለው 20 በመቶ ሕዝብ ከታች ካለው 20 በመቶ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ይህንኑ ደግመሽ ብታረጋግጪ የሚያነብሽ ባለሥልጣን ምንም አይጨምርለትም። እሱን እንቅልፍ የሚነሳው ድጎማው ሲነሳ ድሃው በምን ይካሳል፣ ገንዘቡ መቼ ይድረስ፣ ከመዝገብ የሚቀረውስ ማን ነው የሚለው ነው። ኢንዶኔዥያ በ2005 የነዳጅ ዋጋ ስትጨምር ለድሃ ቤተሰቦች በወር 100,000 ሩፒያ ሰጠች፤ ዝርዝሩ ግን በጥድፊያ ስለተሠራ ብዙ ችግረኛ ተዘለለ፣ በየቦታውም ቅሬታ ተነሳ። ኢራን በ2010 መጨረሻ ችግረኛውን ከመለየት ይልቅ ለአብዛኛው ሕዝብ ገንዘቡን በባንክ አስቀድማ አስገባች፤ ዋጋው እስኪጨምር ግን ማውጣት አይቻልም ነበር። ከሁለቱ መካከል ጥሩ ጥያቄ ይወጣል፦ መንግሥት አሁን በእጁ ካሉት መዝገቦች በየትኛው ቢጠቀም ተጎጂው ይደረስበታል፣ ምን ያህሉስ ያመልጣል? ይህን የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ እስከ መጨረሻው ያነበዋል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽም ከዚያው ይጀምር። «የነዳጅ ድጎማ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል» ከማለት «ካሳው ድጎማው ከመነሳቱ በፊት መድረስ አለበት፤ አሁን ያለው የተረጂዎች መዝገብ ግን የከተማ ተከራዮችን አይዝም» ብለሽ ጻፊ። አንባቢው ሐሳብ እንዳለሽ ወዲያው ያውቃል።

በጥናት ዘዴው ላይ የማትችይውን ቃል አትግቢ። ብዙ አመልካች የሜክሲኮውን ፕሮግሬሳ ይጠቅሳል፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጥ የነበረ ነው። በ1997 በገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበረው ሳንቲያጎ ሌቪ የመራው ፕሮግራም ነው። ለጥናቱ ከተመረጡት 506 መንደሮች በ320ዎቹ ቀድሞ ተጀመረ፣ በ186ቱ እንዲቆይ ተደረገ፤ ልዩነቱ በዚያ ተለካ። በ2000 ገዢው ፓርቲ ሲሸነፍ ፕሮግራሙ እንዳይፈርስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ማስረጃ ነው። እኔ ሌቪን የማደንቀው በጀቱን፣ ማስረጃውንና ፖለቲካውን አንድ ላይ ስላሰበ ነው። ግን ይህ የመንግሥት አቅም ይፈልጋል፤ በጥቂት ወራት ፌሎውሺፕ አይሠራም። አንቺ የተሰበሰበ ዳታ ተጠቀሚ። የዓለም ባንክ ከ1980 ጀምሮ በሚደግፈው የኑሮ ደረጃ ጥናት የተሰበሰበ የብዙ አገሮች የቤተሰብ ዳታ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የትኛውን ጥያቄ ከየትኛው ዳታ እንደምትመልሺ በስም ከጻፍሽ ከብዙዎቹ ቀድመሻል።

የድጋፍ ደብዳቤ? ሥራሽን በቅርብ ያየ ሰው ይጻፍልሽ። የማያውቅሽ ትልቅ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ባዶነቱ ከሁለተኛው መስመር ይታወቃል።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በጣም። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በጀት ይዞ የሠራ ሰው ረቂቄን ማንበቡ ነው። በየገጹ ዳር «በየትኛው በጀት ዓመት?» ብሎ በእርሳስ ይጽፍልኝ ነበር። ዛሬም ምክረ ሐሳብ ስጽፍ ያንን ጥያቄ ሳልመልስ አልልክም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን የሚያማክርሽ ማን እንደሆነ በስም ጠይቂ፤ ክፍያው ሌላ ሥራ ሳትደርቢ ያኖርሽ እንደሆነ አስዪ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ውጤቱ ስፖንሰሩን ባያስደስተው እንኳ የማሳተም መብት ይኖርሽ እንደሆነ ነው፤ ይህንን በጽሑፍ የማይሰጥ ፕሮግራም ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከዚህ ቀደም ያለፉ ፌሎዎችን ፈልገሽ አነጋግሪ፤ አብዛኞቹ በደስታ ይመልሱልሻል።

ጥያቄሽንና የምትጠቀሚበትን ዳታ በሁለት አንቀጽ ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊው። አነብልሻለሁ፤ እዚህ ያሉ ሌሎችም አስተያየት ይሰጡሻል።