ፎልደሩ እያለ ተርሚናሉ «የለም» ሲል

ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ወጣት የላከልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የቤታችን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተጫነበት ነው። የሠርግ ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር በማውስ ስከፍት ደርቆ ይቀራል። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ሞክር ሲሉኝ ወደ ፎልደሩ ለመግባት ‹ሲዲ ሰርግ ሀይቅ› ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉ በዛ አለኝ። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም ይለኛል። በዓይኔ እያየሁት! የጥር ሠርግ ሳይደርስ የድሮዎቹን ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ማዛወር አለብኝ።»

ወንድሜ፣ ችግሮችህ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ተርሚናል ክፍት ቦታ ሲያይ አዲስ ቃል ተጀመረ ብሎ ስለሚያስብ ነው። ጥቅሱ ያንን ፈቶልሃል። ሁለተኛው የእኛው የፊደል ጣጣ ነው። በላክልኝ ምስል ላይ ፎልደሩ የተሰየመው «ሠርግ ሐይቅ» ተብሎ ነው፤ አንተ የጻፍከው «ሰርግ ሀይቅ» ነው። ለጆሯችን ልዩነት የላቸውም። ለኮምፒውተሩ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠ ቁጥሩ 1220፣ ሰ ደግሞ 1230 ነው፤ ጨርሶ አይገናኙም። ሐና ሀ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንደዚያው። ፎልደር የሚሰይሙት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱም አጻጻፍ መኖሩ አይቀርም።

ስለዚህ ስም በእጅህ አትጻፍ። (ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል የጻፍኳቸው ለማንበብ ነው፤ አንተ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው የምትጽፋቸው።) «ሲዲ» ብለህ ክፍት ቦታ ተውና የታብን (Tab) ቁልፍ ሁለቴ ተጫን፤ ያሉትን ፎልደሮች ይዘረዝርልሃል። የምትፈልገውን ከዝርዝሩ ኮፒ አድርገህ በጥቅስ መሀል ለጥፈው። የትኛው ፊደል እንደሆነ ካልታወቀህ ስሞችን የሚዘረዝረውን ይህን ትእዛዝ ሞክር፦

ኤልኤስ -ዲ [ሠሰ]ርግ*

ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ» ማለት ነው፤ ኮከቡ «ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ» ነው። በሁለቱም ፊደል የተጻፉትን አንድ ላይ ያመጣልሃል።

ወደ ማዛወሩ ስንመጣ፣ ብዙዎች «ኤምቪ» ይሉሃል። እኔ አልመክርህም። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ሲሆን ኤምቪ ኮፒ አድርጎ ዋናውን ያጠፋል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ የቱ እንደተሻገረ የቱ እንደቀረ ስትለይ ትውላለህ። በእሱ ፈንታ ዋናውን ሳይነካ ኮፒ የሚያደርገውን «አርሲንክ -አርቲቪ» (rsync -rtv) ብለህ መጀመሪያ የፎልደሩን ስም፣ ቀጥለህ የዲስኩን አድራሻ ስጠው። ዲስኩ ኡቡንቱ ላይ «ሚዲያ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚ ስምህ ሥር ነው የሚገኘው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ድገመው፤ የተሻገሩትን እያለፈ ከቀሩት ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር አስተውል። የፎልደሩን ስም ከታብ ዝርዝር ኮፒ ስታደርግ መጨረሻው ላይ ስላሽ (/) ይኖራል። ለሲዲ ምንም አይደለም፤ አርሲንክ ግን ስላሹን ካየ ፎልደሩን ራሱን ትቶ የውስጡን ፎቶ በሙሉ ዲስኩ ላይ ይዘረግፈዋል። የሐይቁና የኩታበሩ ሠርግ ሲደባለቅ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ፎቶ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሲተካው ይታይህ። ስላሿን አጥፋና ኤንተርን ተጫን።

ሲያልቅ ያንኑ ትእዛዝ አማራጩን ወደ «-አርሲኤንቪ» (-rcnv) ቀይረህ አስኪደው፤ ምንም ሳይነካ የሁለቱን ይዘት ብቻ ያስተያያል። ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሠው። የፎቶ ስም ካልዘረዘረ ሁሉም በትክክል ተሻግሯል።

ዋናውን ለማጥፋት ግን «አርኤም»ን አትንካ። የቆሻሻ ቅርጫት የለውም። [ሠሰ]ርግ* ብለህ በመጻፍ ፈንታ ከኮከቡ በፊት ሳታስበው ክፍት ቦታ ካስገባህ፣ ኮከቡ ብቻውን «ያለውን ሁሉ» ማለት ይሆናል። ለዚህ ሥራ ማውሱ ይሻላል፤ ፎልደሩን ሳትከፍተው መርጠህ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፣ ከዲስኩ ላይ ጥቂት ፎቶ ከፍተህ ካየህ በኋላ ቅርጫቱን ባዶ አድርግ።

ለወደፊቱ «2017-05-ሐይቅ» እያልክ ሰይም፤ 05 ጥር ናት። ክፍት ቦታ የለውም፣ ሲዘረዘርም በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆምልሃል። ፎልደሩ የሚደርቀው ደግሞ የፋይል መክፈቻው ለየፎቶው ትንንሽ ምስል ሲያዘጋጅ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ትንንሽ ምስል ማሳየቱን ዝጋውና እንደገና ሞክር።