የ38 ቁጥር መቆንጠጫ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። አባቱን ከቤተ ክርስቲያን ነው የማውቀው። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ከስልኩ ቀና እንዲል አንድ ቀን ይዘውት ይሂዱልኝ» አለኝ። ይዤው ሄድኩ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከበቆሎ እርሻ አጠገብ የክለባችን ሜዳ አለ። ቀኑ የጦር አውሮፕላን ሞዴሎች የሚሰባሰቡበት ቀን ነበር። በሪሞት የሚበሩ ናቸው፤ ግን የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስሏችሁ። የአንዳንዱ ክንፍ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሙስታንግ አለ፣ ኮርሴር አለ፣ ቲ-28 አለ። ኢንጂናቸው ሲነሳ ከኋላ ያለው ሳር ይተኛል።

ልጁ አውሮፕላኖቹን አየት አየት አደረገና ወደ ጥላው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ። ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላው ላይ የልብስ መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ቀለሙ ለቋል፣ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? እዚህ ልብስ ታሰጣላችሁ እንዴ?»

ሳቅኩ። «ድሮ ወረፋ የምንይዝበት ነው» አልኩትና ወደ ምሳው ወሰድኩት። ሸሸሁት እንጂ አልመለስኩለትም።

ዛሬ የምትገዙት ሪሞት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው። ሪሞቱና አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሪሲቨር አንዴ ይተዋወቃሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ቢያበር አንዱ ሌላውን አይረብሽም። ይህ ወደ ገበያ የወጣው ከ2005 ገደማ ወዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ከዚያ በፊት እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው 72 ሜጋኸርዝ ነበር። ከ11 እስከ 60 በቁጥር የተከፋፈሉ 50 ቻናሎች ነበሩት። ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ፣ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን ሁለት ጌታ ይመጣበታል። ለሁለት ጌታ መገዛት እንደማይቻል ደግሞ መጽሐፉም ይናገራል። መቆንጠጫው ለዚህ ነበር። ቁጥርህን ከጣውላው ታነሳለህ፣ አንቴናህ ላይ ትቆነጥጣለህ፣ አብርረህ ትመልሳለህ። መቆንጠጫው ጣውላው ላይ ከሌለ ሰው ይዞታል ማለት ነው። ትጠብቃለህ። በቃ።

የእኔ ቁጥር 38 ነበር።

የሌላ ሰውም ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት «ከየት ነህ?» አለኝ። «ከኢትዮጵያ» ስለው ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። «ጆን ሮቢንሰን ያለበት አገር!» አለ። እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሙያ የተማርኩ ሰው፣ ሮቢንሰንን ከስሙ በቀር አላውቀውም ነበር። ሽማግሌው ነገረኝ። ቱስኪጊ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጅ የተማረ መሆኑን፣ በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲል ባሕር አቋርጦ መጥቶ የንጉሡን ጥቂት አውሮፕላኖች እንደመራ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ ተመልሶ ልጆቻችንን በረራ እንዳስተማረ፣ በ1954 አውሮፕላን ተከስክሶበት እዚያው አዲስ አበባ እንደተቀበረ። የአገሬን ታሪክ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አስተማረኝ። አፈርኩ፣ ወደድኩትም።

የሽማግሌው አውሮፕላን ፒ-51 ሙስታንግ ነበር፤ ጅራቱ ቀይ። የቱስኪጊ አብራሪዎች የሚባሉት ጥቁር አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጅራቱን ቀይ ቀብተው ያበሩት ማለት ነው። የእውነተኛው አንድ አምስተኛ ሆኖ የተሠራ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ25 ነበር። ከካርቶን አውጥቶ የገጣጠመው አይደለም። ፕላን ዘርግቶ፣ የባልሳ እንጨት ቆርጦ፣ በረዶ ሲጥል ምድር ቤቱ ተቀምጦ ሦስት ክረምት የለፋበት ነው። ሪቬቱን ብቻ ልንገራችሁ፤ የእውነተኛ አውሮፕላን ቆርቆሮ የሚያያዝበትን የምስማር ራስ ማለቴ ነው። ነጭ ሙጫ በሲሪንጅ ይስባል። ከዚያ ገላው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከኢንጂኑ እስከ ጅራቱ፣ በመስመር በመስመር። ሲደርቅና ሲቀባ ቁርጥ ሪቬት ነው። ክንፉን ግን ልሙጥ አድርጎ ትቶታል። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። የእውነተኛው ሙስታንግ ክንፍ ሪቬቱ በስቱኮ ተደፍኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፣ ነፋሱ እንዲንሸራተትለት። ይህን አውቆ የተወ ሰው ነው። ኮክፒቱ ውስጥ ከመዳፍ የማትበልጥ የእንጨት አብራሪ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ቡናማ ቀብቶታል።

በ1997፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ልክ እንደዚህ ያለ ስብሰባ ነበረን። ሙቀቱ ቆዳ ይልጣል። ሪሞቴን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼው አድሬ ነበር፤ ጠዋት ሶኬቱ ላልቶ አገኘሁት። ባትሪው ሞልቷል ወይስ አልሞላም? ይህ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ ዋለ። በደንቡ የሁሉም ሰው ሪሞት አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነበረበት። የእኔ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ጣውላውን አየሁ። 38 የለም። ሽማግሌው ይዞታል፣ እያበረረ ነው።

የመኪናዬን የኋላ በር ከፈትኩ። አንቴናውን አልዘረጋሁም። ካልተዘረጋ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። ማብሪያውን ገፋሁት። የባትሪውን ቁጥር ለማየት ብቻ ነው። አሥር ሰከንድ አይሞላም። ሞልቷል። ደስ አለኝ።

ሙስታንጉ በዚያች ቅጽበት ዝቅ ብሎ በሕዝቡ ፊት ለማለፍ እየመጣ ነበር፣ ሰው ፎቶ እንዲያነሳው። ወደ እኔ መኪና በኩል ነው የሚመጣው። ኢንጂኑ ድንገት ሙሉ ጉልበቱን ጮኸ። ከዚያ ተገለበጠ። ሽማግሌው «አልታዘዘኝም! አልታዘዘኝም!» ሲል ሰማሁት። 9 ኪሎ የሚሆን አውሮፕላን መሬት ሲመታ እንደ ፊልም አይፈነዳም። ትልቅ ዱባ ከጣሪያ ላይ ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው።

ሪሞቱን አጠፋሁና ብርድ ልብስ ሥር ወሸቅኩት። ልብ በሉ፣ ወሸቅኩት። ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

ስብርባሪውን አብሬው ለቀምኩ። የቆሻሻ ከረጢቱን ዘርግቼ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሽማግሌው አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ትንንሾቹን ስንጥሮች ሳይቀር እየለቀመ ነበር፤ ላም እንዳትበላው ይመስል። ያቺን አብራሪ ከሳሩ ውስጥ ያገኘኋት እኔ ነበርኩ። አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች እንጂ አልተሰበረችም። ስሰጠው ትንሽ አገላብጦ አያትና መልሶ እጄ ላይ አስቀመጣት። «ላንተ ትሁን፣ ስላገዝከኝ» አለኝ።

በወሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ስለ ባትሪ። የሪሲቨሩ ባትሪ እንዳረጀ ያውቅ እንደነበር፣ ዛሬ ነገ እያለ ሳይለውጠው እንደቆየ፣ ሌሎቻችን ከእሱ እንድንማር። ጥፋቱን ሁሉ ራሱ ላይ ደፈደፈው። ሲጨርስ አጨበጨብንለት። እኔም አጨበጨብኩ።

እዚህ ላይ ስለ ካቻቢቴዋ መናገር አለብኝ።

ደብረ ዘይት 19 ዓመቴ ነበር። ኤፍ-5 የሚባለው የጦር ጄት ላይ ረዳት መካኒክ ነኝ። ማታ መሣሪያ ሲቆጠር ከእኔ ሳጥን አንድ ካቻቢቴ ጎደለ። መሣሪያ ከጎደለ አውሮፕላን አይነሳም። የመሪው ገመድ ሥር ገብታ ከሆነ አብራሪ ትገድላለች። ከከተማ አንድ ገዝቶ መተካት ይቻል ነበር፣ ማንም አያውቅም። ዘመኑ ደግሞ የሶማሊያ ጦርነት ዋዜማ ነው። ደርግ ነው። ሻጥር ከተባለ የት እንደምትገባ አይታወቅም። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ለአለቃዬ ነገርኩት። ሌሊቱን በባትሪ መብራት ስንፈልግ አደርን፤ ሊነጋጋ ሲል መቀመጫው ሥር ተገኘች። አሥር ቀን ታሰርኩ። ስወጣ አለቃዬ ሆራ ዳር ወስዶ ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ካቻቢቴዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐይቁን እያየን ጠጥተን ተመለስን። ያን ሻይ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስኳሩ በዝቶ ነበር።

እንግዲህ የሚያስረኝ ባለበት አገር ተናግሬ፣ ማንም በማያስረኝ አገር ዝም አልኩ። ለምን? «እዚያ ሰው ይሞታል፣ እዚህ እንጨት ነው» እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ። ሕዝቡ ላይ ቢወድቅስ ኖሮ? እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ በክለቡ ኢትዮጵያዊ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ያ ኢትዮጵያዊ ጣለው» እንዳይባል ፈራሁ። የአገሬን ስም የጠበቅኩ መሰለኝ። አገሬን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚያከብራት ሽማግሌው ነበር!

ሌላ አውሮፕላን አልሠራም። ሁለት ዓመት ያህል ወንበሩን ይዞ እየመጣ የሌላውን ያይ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ካረፈ በኋላ ሴት ልጁ ዕቃውን ልትሸጥ ሜዳው ላይ አምጥታ ዘረጋችው። ኢንጂኑን ገዛሁ፤ ያንኑ ከስብርባሪው የተረፈውን። የጠየቀችኝን ያለ አንድ ቃል ከፈልኩ። ሐበሻ ሳይከራከር ከገዛ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ጥሩ ሰው ነበር» አልኩና ዘጋሁት።

ልጁን ወስደህ ምን መከርከው በሉኝ። እዚህ አሜሪካ ያለውን ምዝገባ፣ ፈተናውን፣ ከ250 ግራም በላይ ያለው ሁሉ እንደሚመዘገብ፣ እሱን ራሳችሁ አንብቡ። አዲስ አበባ ያላችሁም ድሮን በሻንጣ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። ስለዚህ ብዙ አልልም።

በጦር አውሮፕላን አትጀምሩ ግን እላለሁ። ከባድ ነው፣ ስህተት አይምርም። ሲነሳ አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል፤ በቀኝ መሪ ካልያዛችሁት ሳሩ ውስጥ ነው። ስታሳርፉት ፈርታችሁ ፍጥነቱን ከቀነሳችሁ አንድ ክንፉን ይጥላል። ክንፉ ከላይ የተቀመጠ ቀላል መማሪያ ግዙ። እኔ ራሴ የጀመርኩት በሙስታንግ ነው፤ በአራተኛው ቀን ማገዶ አደረግኩት። ስለዚህ ነው የምነግራችሁ።

የአሁን ልጆች ነገር ያናድደኛል። አውሮፕላኑ ፎም ነው፣ ከካርቶን ወጥቶ በአንድ ሰዓት ይበራል፣ ውስጡ ጋይሮ አለ፣ ነፋስ ሲገፋው ራሱ ይስተካከላል። ሲወድቅ እንኳ ቪዲዮ ተቀርጾ ይሳቅበታል። የሚያለቅስ የለም። እኔም አሁን ጋይሮ ያለው አለኝ፤ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እሱ ባይኖር ኖሮ ቤቴ ነበር የምቀመጠው። እና ልጆቹ ደግሞ አንድ ነገር አላቸው፤ ሲያጠፉ «የኔ ጥፋት ነው» ለማለት አይጨነቁም። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ልጅ አውሮፕላኗን ዛፍ ላይ ሰቅላ «ጣቴ ተሳሳተ» ብላ ሳቀች፣ ሄደች፣ መሰላል አመጣች። ቆሜ አየኋት። እንዲህ ይቀላል እንዴ አልኩ።

ባለቤቴ «ከጦርነት ሸሽተህ መጥተህ የጦር አውሮፕላን ትጫወታለህ?» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘሁላትም። ድምፁ ነው መሰለኝ። ልጅነቴ እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ስለ መቆንጠጫው ያልነገርኩህ ይህን ነው። ቅዳሜ ና። 38ን ከጣውላው ላይ አውርጄዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። አብራሪዋንም አሳይሃለሁ። አውሮፕላን ውስጥ አላስቀመጥኳትም። መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከካቻቢቴዎቼ ጋር ነች፤ ማታ ማታ ስቆጥር እሷንም እቆጥራታለሁ።